ግንቡ ቀድሞ

«መጀመሪያ ግንቡን ያዝ! በሩ ሳይዘጋ ንጉሥ አይተኛም» ይል ነበር አባቱ ቼዝ ሲጫወት። አጎቱም እየሳቀ የሚመልስለት ነገር ነበር፤ ቧንቧ ሠራተኛው ግን ምን እንደነበር ረስቶታል። ያኔ ልጅ ሳለ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ ያዳምጣቸው ነበር። ጨዋታውን የተማረው እንዲህ በጆሮው ነው፤ መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም።

ዛሬ የውድድሩ የመጨረሻ ዙር ነው። ካሸነፈ የከተማው ቡድን ውስጥ ይገባል፤ ከተሸነፈ እንዳለፉት ስድስት ዓመታት ደጅ ይቀራል። ጠዋት ታላቅ እህቱ ኮሌታውን እያቃናች «ስድስት ዓመት ሚዜ ሆንክ፤ ዛሬ እንኳ ሙሽራ ሁንልኝ» ብላዋለች።

ከፊቱ የተቀመጠችው ፋርማሲስት ወጣት ናት፤ ዓይኗ ከሰሌዳው አይነቀልም። ገና ከጅምሩ ወታደር በወታደር ተለዋወጡና መሀሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። የልጅቷ ንግሥት የእሱን ንጉሥ ፊት ለፊት ልትገጥመው አንድ እርምጃ ቀርቷታል። እሱም በልቡ «አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ» አለና ንጉሥና ግንብ ባንድ ተራ አብረው በሚንቀሳቀሱበት ስልት ንጉሡን ጥግ ሊያስጠልል እጁን ሰደደ። ግንቡን አምጥቶ ከንጉሡ ጎን አቆመ፤ ንጉሡን በላዩ አሻገረና ሰዓቱን ተጫነ።

ፋርማሲስቷ እጇን አነሣች። ዳኛው መጥቶ ሰዓቱን አቆመ።

«ጋሼ ግንቡን ነው አስቀድመው የነኩት» አለች ቀስ ብላ። «በደንቡ ንጉሡ መቅደም ነበረበት። አሁን መሄድ የሚችለው ግንቡ ብቻ ነው።»

«እንዲህ ያለ ደንብ አለ እንዴ?» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«አለ። እኔ ግን አላየሁም፣ ሌላም ያየ የለም» አለ ዳኛው። «የእርስዎን ቃል እቀበላለሁ። የቱን አስቀደሙ?»

ከተመልካቾቹ ገመድ ወዲያ የቆመችው እህቱ አላስቻላትም። «ንጉሡን ነው በላቸዋ! ምን ይለጉምሃል?»

«እመቤቴ፣ ዝም ይበሉ» አለ ዳኛው።

ቧንቧ ሠራተኛው ሰሌዳውን አየ። ግንቡ ብቻውን ከሄደ ንጉሡ መሀል ሜዳ ላይ ራቁቱን ይቀራል፤ ከዚያ የሚመጣውን ለመቁጠር ሊቅ መሆን አያሻም። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲጫወት፣ ከቤተሰቡም ከሰፈሩም «ተሳስተሃል» ያለው አልነበረም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች።

«እውነቷን ነው፤ ግንቡን ነው ያስቀደምኩት» አለ በመጨረሻ። ንጉሡን አንሥቶ ወደ መሀል መለሰው። «በደንቡ እንሂድ። ሰዓቱን ያስነሱት።»