ጨው የሌለው ድግሴ

ኩላሊትሽ ደክሟል የተባልሁ ቀን አልተቆጣሁም። የተቆጣሁት ልጄ ፀደይ ምሳዬን ለብቻዬ በሳህን ያቀረበችልኝ ቀን ነው።

እኔ ሽታዬ ከቁስቋም ማርያም ግርጌ ተወልጄ፣ እዚያው ተድሬ፣ እዚያው ያረጀሁ ሴት ነኝ። ከሰው ጋር ከአንድ ገበታ እንጂ ለብቻዬ በልቼ አላውቅም። ለብቻው የሚበላ እስረኛ ነው፤ ካልሆነም ከቤተሰቡ የተኳረፈ ነው። ሳህኑ ላይስ ምን ነበር መሰላችሁ? የተቀቀለ ጥቅል ጎመን። ነጭ፣ ውኃው ያልተንጠፈጠፈ፣ ሽንኩርት ያልዞረበት፣ በርበሬ ያላየው ጎመን።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ምሳሽ ነው እማ። ለስኳርሽም ለኩላሊትሽም የሚስማማ ነው።»

«ለእነሱስ ተስማማ፤ ለእኔስ? ለጥጃ ብትሰጭው ቀና ብሎ አይቶሽ ነው የሚሄድ።»

«እባክሽ እማ፣ ሐኪሙ እኮ…»

«ሐኪሙ ጎመን ቀቅለሽ አሳዝኛት አለሽ?»

ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሳህኑን ግን አላነሳችውም። እኔም አልነካሁት። እንዲሁ ተፋጠን ዋልን።

ስኳሩ የቆየ ነው፤ ጎረቤት በሉት። ማሩን ትቼለት፣ ለስላሳውን ትቼለት፣ በሰላም እንኖር ነበር። ኩላሊቱ ግን በስኳሩ በር የገባ እንግዳ ነው፤ ገና ከመግባቱ ጓዳዬን ማዘዝ ጀመረ። ጨው አይሆንም። ሽሮና ምስር ሲበዛ አይሆንም። ድንቹ እንዲሁ አይሆንም። ቲማቲሙም ሙዙም አይሆንም። ስኳሩ የተወልኝን ኩላሊቱ ነጠቀኝ። «ታዲያ ምን ልብላ፣ የቁስቋምን ግንብ ድንጋይ?» ብዬ ብጮህ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ይኸንንም ችዬ በኖርሁ ነበር። ነገር ግን የጥቅምት ማርያም ተራዋ የእኔ ሆነች።

የማርያም ማኅበር አለን፤ ሴቶች ብቻ ነን። በየወሩ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ አባ ሐብተ ማርያም ዳቦውን ባርከው ይቆርሱልናል፤ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ ትንሽም ሰው እናማለን። ደንባችን የታወቀ ነው፦ ደጋሿ ወጡን በእንግዶቿ ፊት መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች፤ ከዚያም አብራ ትበላለች። ራሷ የማትበላውን ለሰው የምታቀርብ ሴት በእኛ ሰፈር ስሟ ቶሎ አይጠራም፤ ሲጠራም ለበጎ አይደለም።

የትነበርሽ ይኸን አሳምራ ታውቃለች። የትነበርሽ አብራኝ ያደገች ማኅበርተኛዬ ናት። የእሷ ወጥ ከእኔ ወጥ ይበልጣል ትላለች፤ ተሳስታለች። የመስከረም ማርያም ዕለት በሰው ሁሉ ፊት ብድግ አለችና፦

«ሽታዬ ታማለች፤ የጥቅምቱን እኔ ልደግስላት» አለች።

«ማን ታመመ? የታመመ ኩላሊቴ ነው። እጄ ደህና ነው።»

«እጅሽስ ይሠራል። አፍሽ ምኑን ይቀምሳል? ነው ወይስ ያንን የሐኪም ቤት ጎመን ልታበይን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ስለ ጎመኑ ማን እንደ ነገራት አውቃለሁ፤ ፀደይ ምላሷ አያርፍም፣ በማን እንደ ወጣች እንጃ።

«እኔ የምበላውን ትበያለሽ» አልኋት፤ «በልተሽም ጣትሽን ትልሻለሽ!»

ከበር ከወጣሁ በኋላ ነው የተናገርሁት የገባኝ። ተራዬን ብለቅ፣ ከዚያ ወዲያ የትነበርሽ ልታዝንልኝ ነው። በየወሩ በሽተኛዋን ከጥግ አስቀምጣ፣ ሳህን ለብቻዬ አስይዛ፣ ከንፈሯን ልትመጥልኝ ነው። የትነበርሽ ከምታዝንልኝ ያንን ጎመን ዕድሜዬን ሙሉ ብበላ ይሻለኛል።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድሁ። የስኳር ክትትሉን የሚሠራ ኪሩ የሚባል ነርስ አለ፤ የሳንጃ ልጅ ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም። ነገሩን ሁሉ ነገርሁት።

«እና እርስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው እማማ ሽታዬ?»

«እኔንም የማይገድል፣ እንግዳዬንም የማያስከፋ ወጥ። ድግሱ በጽጌ ጾም ስለሚውል ቅቤም ሥጋም የለበትም። ቅቤ ቢኖርማ አንተን ምን አስቸገረኝ?»

ሳቀ። «ቅቤውም ቢሆን ከእኔ ጋር ያጣላዎታል። በሉ ይስሙኝ። ድንቹን ልጠው አድቅቀው ይቁረጡት፤ ብዙ ውኃ ውስጥ ያቆዩት፤ ውኃውን ይድፉ። ከዚያ በብዙ ውኃ ይቀቅሉት፤ ያንንም ይድፉ፤ ኩላሊትዎን የሚጎዳው ከውኃው ጋር ይሄዳል።»

«ሁለት ጊዜ ውኃ ደፍቼ ምን ቀረኝ?»

«ድንቹ ቀረዎ።»

የሚለውን በጣቴ እቆጥር ጀመር፤ እሱም ቀጠለ፦

«ጥቅል ጎመን ለእርስዎ ሸጋ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያም ይስማማዎታል። ሽሮዋን ጥቂት፣ እንጀራውን ግማሽ። ጨው ግን የለም። የሚያጣፍጥ ጨው ብቻ ነው ያለ ማነው? ሎሚ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ዝንጅብል አለ።»

ቤቴ ገብቼ በዚያው ቀን ጀመርሁ። ድንቹን እንዳለኝ አደረግሁና ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬዬን ጨምሬ ቀይ ወጥ ሠራሁ። ከጎኑ ጥቂት ሽሮ። ፀደይ ቀመሰችና ዓይኗ ፈጠጠ።

«እማ፣ ጨው ጨምረሻል!»

«አንዲት ፍሬ አልጨመርሁም፣ በማርያም!»

«ታዲያ እንዴት ጣፈጠ?»

«ሙያ ነዋ! አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ?»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እሱኑ በላሁ። ፀደይም ሳህኗን ሰብስባ ከእኔው ገበታ ቀረበች። ጠግቤ አድር ጀመር፤ በሠፈሩ ሳልፍም አንገቴን ቀና አድርጌ ሆነ። ችግሩ ጫማዬ ነው፤ እግሬ አልገባበት አለ። ጫማው በዝናብ ኮማተረ አልሁ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፤ እሱን ዘነጋሁት።

የቀጠሮዬ ቀን ፀደይን አስከትዬ ሄድሁ፤ ኪሩ ቅልጥሜን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱ ሲነሳ ጉድጓዱ ቀረ። የደም ግፊቴን ለካ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«እማማ፣ ጨው እየበሉ ነው።»

«አልበላሁም።»

«ሰውነትዎ በልተዋል ይላል።»

«እኔና ሰውነቴ ከተካሰስን እኔን እመነኝ! አንተ ልጅ፣ ውሸታም ልታደርገኝ ነው? የቁስቋም ማርያም ምስክሬ ናት፤ ወጥ ውስጥ ጨው አልጨመርሁም!»

«ቆይ አይቆጡ። ወጡ ውስጥ ምን ምን ይገባል?»

«ሽንኩርት፣ ድንች፣ በርበሬ።»

«በርበሬው የተገዛ ነው?»

«የተገዛ? እኔ ነኝ የተገዛ በርበሬ የምበላ?» ተነሣሁ፣ በእውነት ከወንበሩ ተነሣሁ። «ዛላውን እኔ ነኝ የምቀነጥስ። እኔ ነኝ የማሰጣ። ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ዝንጅብል ይገባበታል፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማው ይገባበታል፤ ከዚያ ሊፈጭ ሲል ጨ…»

አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ኪሩ ከንፈሩን ነክሶ ጠረጴዛውን ያያል።

«ሽሮውም ላይ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሽሮውም ላይ» አልሁት። «ከነጨው ነው የሚፈጨው። ሳይነቅዝ እንዲከርም።»

አስቡት እንግዲህ። ጨዉን ከጓዳ አባርሬ፣ በሙያዬ አጣፈጥሁ ብዬ ስኮራ፣ ጨው ለካ ክረምቱን ሙሉ ከበርበሬው ቋት ተቀምጦ ይስቅብኛል! መጀመሪያ ፀደይ ሳቀች፤ ቀጥሎ ኪሩ፤ «የእናቴም በርበሬ እንዲያው ነው፤ እኔም አስቤው አላውቅም» አለ። እኔ መጨረሻ ሳቅሁ። ሳልፈልግ ነው የሳቅሁት።

ሳቁ መንገድ ላይ አለቀ። ማኅበሩ ደርሷል፤ በእጄ ያለው በርበሬ ሁሉ ጨው ነው። የኮራሁበትም ጣዕም የጨዉ እንጂ የእኔ አልነበረም። ዳገቱን ስወጣ ፀደይ፦

«ለየትነበርሽ ብንለቅላትስ እማ?» አለችኝ።

«አፍሽን ያዢና ዛላ በርበሬ እንግዛ።»

ገዛን፤ አዘጋጀን፤ ወደ አያ ነጋ ወፍጮ ቤት ወሰድን። አያ ነጋ ቋቱን ከፍቶ አየና፦

«ጨዉ የታለ?» አለኝ።

«የለም።»

«ይነቅዛል እኮ!»

«ጥቂት ነው፤ ሳይነቅዝ እበላዋለሁ። አንተ ፍጭ።»

ያለ ጨው የተፈጨው በርበሬ መጀመሪያ ወጥ ላይ ሲገባ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈር አፈር አለ። ደፋሁት። በሁለተኛው ዝንጅብል አበዛሁና ፀደይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «ጣፍጦኝ ነው» አለች፤ ውሸቷን ነው። ከዚያ ተቀምጬ አሰብሁ። ጨው ሲኖር እኔ እሰንፋለሁ፤ ሽንኩርቱን ሳይበስል አወጣዋለሁ፣ ቅመሙን ደግሞ እጄ እንደ ወደደ እበትነዋለሁ፤ ጨዉ ጉድለቴን ይሸፍንልኛል። አሁን የሚሸፍንልኝ የለም።

ስለዚህ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በቀስታ አቁላላሁት፤ ራሱ ጣፋጭ እስኪሆን፣ ቀለሙ እስኪጠቁር። ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ከሰል ላይ ጠብሼ ደቆስሁት። ከዳባት በኩል የሚመጣውን ጦስኝ ከገበያ ገዝቼ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ቆንጠር አድርጌ ነሰነስሁበት። ሎሚውን ከእሳት ካወረድሁ በኋላ ጠብ አደረግሁ። ጥቅል ጎመኑን ደግሞ ሳይሟሽሽ፣ ጥርስ ላይ እንዲሰማ፣ በእርድና በዝንጅብል አዞርሁት። ቃሪያውን ሰንጥቄ ሽንኩርት ሞላሁበትና በስናፍጭ ለወስሁት፤ ያ ስናፍጭ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አእምሮ የሚቀሰቅስ ነው።

ፀደይ ቀመሰች። ደግማ ጠቀሰች። ፀደይ ሳታወራ ከበላች ጣፍጧል ማለት ነው።

የጥቅምት ማርያም ዕለት ቤቴ ሞላ። አባ ሐብተ ማርያም ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ። ገበታው ቀረበ። በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ወጡን በመዳፌ ቀመስሁ፤ ከዚያ ግማሽ እንጀራዬን ይዤ ከገበታው ተቀመጥሁ። የትነበርሽ ፊት ለፊቴ ናት። ጎረሰች። አላመጠች። የሚንቀሳቀስ አገጯን እያየሁ የእኔን መዋጥ ረሳሁ።

«ሽታዬ» አለች ጮክ ብላ፤ «ጨው ረስተሻል።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ውሸት ልመልስላት እችል ነበር፤ ፀደይ ናት የረሳችው ብል ያልቅ ነበር። ሳስበው ደከመኝ።

«አልረሳሁም» አልሁ። «ጨው ተከልክያለሁ። ለእናንተ ሌላ ወጥ፣ ለእኔ ሌላ ወጥ መሥራት አያቅተኝም። ግን ለብቻዬ መብላት ሰለቸኝ፤ ከእናንተ ጋር ልበላ ፈለግሁ። ጨው የፈለገ ይኸው።» የጨዉን ዕቃ ከመካከል አስቀመጥሁት።

አባ ሐብተ ማርያም ቀድመው እጃቸውን ሰደዱና ቆንጠር አደረጉ፤ «እኔስ ያለ ጨው አልችልም፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ግማሾቹም ቆነጠሩ። አልከፋኝም፤ ወጡን ትተው ጨዉን አልበሉም። የትነበርሽም ጨዉን ልታነሳ ስትል ቃሪያዋን ነክሳ ነበርና ስናፍጩ አፍንጫዋ ገባ። ዓይኗ ፈሰሰ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ደፋች፣ ጠረጴዛውን በጥፊ መታች።

«ገደልሽኝ አንቺ!»

«ምነው፣ ጣዕም የለውም አላልሽም?»

«ጨው የለውም ነው ያልሁ!» አለችና ዓይኗን ሳትጠርግ ሌላ ቃሪያ አነሳች። ከዚያ ድንቹን በእንጀራ ጠቀሰች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ጨዉን ረሳችው። በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦

«በርበሬውን ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

«ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«የኅዳሩ ተራ የእኔ ነዋ። ከጥግ አስቀምጣ ለብቻዬ አበላችኝ እያልሽ ስታሚኝ ልኖር?»

«አንድ ጣሳ እሰጥሻለሁ። ግን ሽንኩርቱን እንደ ልማድሽ ጥሬውን እንዳታወጪው።»

«ጥሬ? የእኔ ሽንኩርት?» ልትሰድበኝ አፏን ከፈተችና ሐሳቧን ለወጠች። እንጀራ ቆርሳ ከድንቹም ከጎመኑም አፈሰችና ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች።

አየሁት። የዶሮ ዓይን ያክላል።

«ይኸ ጉርሻ ነው? ስስታም!»

«ለስኳርሽ ብዬ ነው ያሳነስሁት። ክፈቺ አፍሽን፣ እጄ ደከመ።»

ከፈትሁ።