ለውበት ነው ተብሎ ስለ ተመለሰው ፊት

«ለውበት ነው» የምትል ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ በጉሮሮዬ እንደ አጥንት ተሰንቅራብኝ ኖራለች። ቃሏን የተናገረው የቀበሌያችን የጤና መድን ጸሐፊ አቶ አስናቀ ነው። ልጄ ትርንጎ በሰባት ዓመቷ ኩራዝ ተደፍቶባት ጉንጯና አንገቷ ተቃጠለ፤ ቁስሉ ሲድንም ቆዳው እንደ ደረቀ ጠፍር ተኮማትሮ የከንፈሯን ጫፍ ወደ ታች ጎትቶ ቀረ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሐኪሙ «በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ መዋጮዬን አንድም ዓመት ሳላጓድል የያዝኳትን የመድን ደብተር አንግቤ ወደ አቶ አስናቀ ሄድኩ።

ወረቀቱን ገለባብጦ አየና «ወይዘሮ ይታክቱ፣ ልጅቱ ትበላለች?» አለኝ።

«ትበላለች።»

«ታያለች? ትሰማለች?»

«አዎን።»

«እንግዲያው ይህ ለውበት ነው፤ ደንቡ አይፈቅድም።»

እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ክፍል አልዘለለም፤ ዝም ማለትን ግን ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ ወዲህ አቶ አስናቀ ቅቤ ሊገዛ በመጣ ቁጥር «ትበላለህ? ታያለህ? ትሰማለህ? እንግዲያው ቅቤ ለምንህ ነው?» እያልኩ ባዶ እጁን እሰደዋለሁ።

ባለፈው ጥር አንድ ማክሰኞ ሲመሽ ትርንጎ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ከተፈተነችበት ትምህርት ቤት ተመለሰች። «ውጤትሽ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ሕፃናቱ ይፈሩሻል» ብለዋታል። አላለቀሰችም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና «እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ቅቤውን ጓዳ ሆኜ እመዝናለሁ፤ አንቺ ከገዢው ጋር ተነጋገሪ» አለችኝ። በዚያ ምሽት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በገዛ ቤቷ ስትሸሸግ እያየሁ፣ ልቤ እየነደደ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍም ሳላስበው ወሰደኝ።

እነሆም በሰፊ መንገድ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ከፊቴ ጋሼ ወንድይራድ ቆመዋል፤ የትርንጎን ቁስል አርባ ቀን ያጠቡልን፣ ከሞቱ አራት ዓመት የሆናቸው የሠፈራችን ድሬሰር። ያው ነጭ ካፖርታቸው፣ ያው በአዮዲን የወየበ ጣታቸው።

«ይታክቱ፣ ተራመጂ እንጂ! ለመገተር ነው እንዴ የመጣሽው?» አሉኝና ቀደሙኝ።

የገባንባት ከተማ የእኛኑ ከተማ ትመስል ነበር፤ ያው ወንዝ፣ ያው ገበያ፣ አቧራዋም ሳይቀር ያው ነው፤ ሰዎቿ ግን ሁሉም ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይሄዳሉ። ነጠላውን ወደ አፉ የሳበ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ በሰርግ ቀን ከዳሱ ጓሮ ተሸሽጎ የሚጎርስ አንድም አልነበረም። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተወልዶ የተሰፋለት ጎልማሳ በገበያው መካከል ዋሽንት ይነፋል፤ እንቅርቷ የወጣላት ባልቴት በባዶው አንገቷ ላይ ድሪ አድርጋ፣ ማን እንደሚያያት እየሰለለች ትንጎራደዳለች። እኔም የሰው ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲሄድ እንዲህ ያማረ መሆኑን በዕድሜዬ ያን ቀን አየሁ፤ የራሴ አገር ይመስል ኮራሁ።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ በማን ገንዘብ ነው?»

«በመዋጮ ነው። እንዳንቺ ያለ ነጋዴና ገበሬ ባዋጣው።»

«ታዲያ ያለው ሁሉ ‹አፍንጫዬን ሞርዱልኝ› እያለ አይጨርሰውም?»

«ነይና እዪ» አሉኝ።

የመድኑ አባላት ወደ ተሰበሰቡበት አዳራሽ ገባን። ራሱ እንደ ሰሃን የሚያበራ ባለሆቴል ቆሞ «ፀጉር ይተከልልኝ» እያለ ያመለክታል። ሰብሳቢዋ ሴት «አንተ ሰው፣ ከሰው ጋር ለመሆን ነው ወይስ ከሰው ለመብለጥ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው መላጣውን አሻሸና «እንግዲህ... አዲሷ ሚስቴ ደስ እንዲላት ነው» አለ። «በራስህ ገንዘብ አስተክል፤ ከፈለግህ ጤፍም ዝራበት!» አለው ከኋላ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ባለሆቴሉም እየሳቀ ወጣ።

ቀጥላ አንገቷን ንቅሳት የሞላው ወጣት ቆመች፤ «ይጥፋልኝ፤ በእሱ የተነሣ ሥራ ተከለከልኩ» አለች።

«እናቷ ለጌጥ ያስነቀሰቻትን እኛ ለምን እንከፍላለን?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እሷ መች ተጠየቀች? በስድስት ዓመቷ እጅ እግሯን ይዘው አይደል!» አለች አንዲት ሴት።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራክረው፣ ሥራ የከለከላትም ሰው ቀርቦ እንዲሰማ ቀጠሮ ሰጡ።

«ጋሼ፣ ይህንንማ አልቆረጡትም!»

«አዎን፤ የሚያከራክረውን ይከራከሩበታል። እናንተ ግን ሳትከራከሩ ነው የቆረጣችሁት» አሉና ወደ አንድ መስኮት መሩኝ።

በመስኮቱ ውስጥ መድኑ ሲቋቋም የነበረው የቀበሌያችን ስብሰባ ታየኝ። «ለውበት የሚደረግ ሕክምና አይሸፈንም፤ የምትደግፉ?» ይላል ሰብሳቢው። ብዙ እጆች ወጡ፤ ከሁሉም ከፍ ያለችው በቅቤ የወዛች እጅ ነበረች።

«ያቺን እጅ ታውቂያታለሽ?»

«የእኔ ናት።»

«ማንን እያየሽ አወጣሻት?»

«ጥርሷን በወርቅ ያስለበጠችውን የባለወፍጮውን ሚስት ነዋ! ከፊቴ ተቀምጣ ነበር! የልጄን ፊት ለውበት ነው የሚል ሰው ይመጣል ብዬ በምን አውቄ?»

«አስናቀም ያነበበልሽ አንቺ ያጸደቅሽውን ነው» አሉኝ በዝግታ።

በንዴት ነቃሁ። ንዴቱን እንደ ልማዴ ወደ አቶ አስናቀ ልልከው ብል አልሄድ አለኝ። ይህንን ያየሁትን ሳልናገር ብቀር ልጄን ጓዳ የዘጋሁባት እኔው ነኝ አልኩና፣ እሑድ ከዓመታዊው ጉባኤ ገባሁ።

«እትዬ ይታክቱ፣ አጀንዳው ላይ የለም፤ ይቀመጡ» አለኝ ሰብሳቢው።

«አልቀመጥም። ቆሜ ስሸጥ መዋል እግሬ የለመደው ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። በባለሆቴሉ ሳቁ፤ በራሴ እጅ ላይ ስደርስ የባለወፍጮው ሚስት ብድግ አለች።

«እውነቷን ነው! እኔን እየገላመጠች ነው እጇን ያወጣችው፤ ትዝ ይለኛል። ግን ልጅቷስ ምን አደረገች? ደንቡ ይታረም!»

በድምፅ ብልጫ አለፈ። ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው ያው አቶ አስናቀ ነው። «ከሰው ጋር ለመሆን የሚደረግ ሕክምና ይሸፈናል፤ አጠራጣሪው በጉባኤ ይታያል ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ብዕሩን አንሥቶ «ወረዳው ካልተቀበለውስ?» አለኝ።

«እዚያም ሄጄ ያየሁትን እናገራለሁ። አንተ ጻፍ።»

ጻፈ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁት። ከዚያም ከሥሩ የመጀመሪያዋን አመልካች ስም እስከ አያቷ አስጻፍኩት፦ ትርንጎ ገበየሁ ቢሰጥ።