የቤት ቁጥር የሌላቸው

ቅጹን ያዘጋጀችው ራሷ ቀለምወርቅ ነበረች። ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ ሶማልኛ እንደ አማርኛ የሚቀናት ባለሙያ ናት። የምትሠራው በአንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ ኃላፊነቷ የተለፋበት ሥራ ፍሬ ማፍራቱን መለካት ነው። ድርጅቱ በቶጎጫሌ ዙሪያ ሠላሳ በጎ ፈቃደኞች አሉት። እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡ ቤት ለቤት እየዞሩ ይመክራሉ፤ የደረሱበትንም ቤት ቅጹ ላይ ይሞላሉ።

በ2014 ዓ.ም. ድርቁ በጠናበት ሰሞን የስድስት ወሩን ቅጽ ስትደምር አንድ ስም ዓይኗን ያዘው። ሌሎቹ ከመቶ በላይ ቤት ሲያዳርሱ፣ ሆዶ የተባለችው ሴት የሞላችው አሥራ አንድ ብቻ ነበር።

"ይቺ ሴት ሥራውን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች፤ በሌላ ብንተካት ይሻላል" አለቻቸው ሥራ አስኪያጁን አቶ ዐብዲወሊን።

"ሊሆን ይችላል። ግን ሰው በወረቀት ብቻ አይሰናበትም፤ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ" አሏት።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ቶጎጫሌ ወረደች፤ ከዚያ በባጃጅ ሆዶ የምትኖርበት መንደር ገባች። ቤቱ ተዘግቷል። ሱዕዲ የምትባል ጎረቤት ብቅ ብላ፣ "ሆዶን ነው? ከብቶቻቸውን ይዘው ውሃ ፍለጋ የሄዱትን ሰዎች ተከትላ ወጥታለች። ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ያደርስሻል" አለቻት።

ቀለምወርቅ 'መቼስ ምክንያት አይጠፋም' እያለች ቦቴው ላይ ወጣች።

ሆዶን ያገኘቻት አንድ ግራር ሥር ነው። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ቀጭን፣ የላስቲክ ጫማዋ በሽቦ የተጠገነ ሴት ናት። አጠገቧ አንዲት ነርስ የክትባት ሣጥኗን ከፍታ ሕፃናትን በተራ ትወጋለች፤ እናቶች ተሰልፈዋል።

ቀለምወርቅ ማንነቷን ከተናገረች በኋላ፣ አክስት በሚጠራበት አጠራር፣ "ኤዶ፣ በስድስት ወር አሥራ አንድ ቤት ብቻ?" አለቻት።

ሆዶ አላፈረችም፣ አልተቆጣችምም። "ልጄ፣ ቅጹ የቤት ቁጥር ጻፊ ይላል። መንደሩ ውስጥ ቁጥር ያለው ቤት አሥራ አንድ ነው። የቀሩት ድርቁ ሲመጣ ቤታቸውን ነቅለው በግመል ጭነው ሄዱ። ምን ቁጥር ልጻፍ?"

"ታዲያ እንዴት ያገኟቸዋል?"

"እጠይቃለሁ። ዝናብ የት ጣለ? የማን ግመል በየት አለፈ? ገበያ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አይጠፋም። ከዚያ ነርሷን ለምኜ ይዣት እሄዳለሁ።"

ቀለምወርቅ የክትባት ካርዶቹን እንዲያሳዩዋት እናቶቹን ጠየቀች። በላስቲክ ጠቅልለው ከሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩትን እየፈቱ ሰጧት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቀን ከቀን እያመሳከረች አየች። ሆዶ ከምትከታተላቸው አርባ ሁለት ልጆች አርባ አንዱ ክትባታቸውን በጊዜው ወስደዋል። የቀረው አንዱ ከእናቱ ጋር ድንበር ተሻግሮ ዘመድ ጋ ነው፤ ለእሱም ሆዶ ቀጠሮውን በጭነት መኪና ሾፌር ልካለታለች። ቀለምወርቅ የመጨረሻውን ካርድ ስትመልስ ቀና ብላ ሆዶን ማየት አቃታት።

በዚያው ሳምንት ብዙ ቤት የተመዘገበበትን መንደርም ሄዳ አየች። በጎ ፈቃደኛው አልዋሸም፤ በሩን ሁሉ በትጋት አንኳኩቷል። ከልጆቹ ግን ግማሽ ያህሉ ክትባታቸውን አልጨረሱም። ይህን ጠይቅ ያለው ሰው አልነበረም። መጠየቅ የነበረባት ቅጹን ያዘጋጀችው እሷ ነበረች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለቻቸው አቶ ዐብዲወሊን። "የለካሁት እግራቸውን እንጂ ልጆቹን አይደለም። ከእንግዲህ የምንቆጥረው ክትባቱን የጨረሰ ልጅ ይሁን።"

አቶ ዐብዲወሊ ግንባራቸውን አሹ። "ለጋሾቻችን አራት ሺህ ቤት ደረስን ብለናቸዋል። አዲሱ ቁጥር ስንት ይሆናል?"

"ስድስት መቶ ገደማ፤ በየመንደሩ ዞሬ ካርዶቹን አመሳክሬያለሁ። ስድስት መቶውን ግን አንድ በአንድ በስማቸው ልጠራልዎት እችላለሁ።"

ለለጋሾቹ የተዘጋጀውን ሪፖርት ወደ እሷ ገፉላት። ከዚያ፣ "እንግዲያው አስተካክለሽ ጻፊው፤ እፈርማለሁ" አሏት።

ከወር በኋላ ሠላሳዎቹም ጅግጅጋ ለሥልጠና ተጠሩ። አሠልጣኟ ሆዶ ነበረች። ሰሌዳውን ዞር ብላ እንኳ አላየችም፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰው፣ "የምትከታተላቸውን ልጆች ስም ንገረኝ፤ ዛሬ የት ናቸው?" አለችው። ሰውዬው አምስት ስም ጠርቶ ቆመ። "አይዞህ፣ እኔም ስጀምር ሦስት ነበር የማውቀው" ብላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ገበያ ውስጥ ማንን፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ታስረዳው ጀመር።

ቀለምወርቅ ከኋላ ተቀምጣ እንደ ተማሪ ትጽፍ ነበር።