የኮረብታው ሃያ ዶላር

«ውጪ! ውጪ እንጂ!» ግዌን መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ መኪናዋን ትለምናለች። ከኢሪ ሐይቅ የሚነፍሰው በረዶ መስተዋቱን ሸፍኖታል፤ ያለቀው ጎማ አቀበቱን በረገጠ ቁጥር ወደ ጎን ይንሸራተታል። የኋላ ወንበሩ ላይ የእሁዱን ጨዋታ ለሚያዩ ሰዎች የሚደርስ ፒዛና የዶሮ ክንፍ ተቀምጧል።

ባሏ ዴል ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው። ጠዋት ስትወጣ፣ «በዚህ ጎማ ኮረብታው ላይ እንዳትወጪ። መኪናዋ ከተበላሸች ሁለታችንም አለቀልን» ብሏት ነበር። እሺ ብላው ወጣች። በኋላ ግን ስልኳ ላይ ሁለት የምግብ ትእዛዝ ባንዴ መጣ። አንዱ የወይዘሮ ፓንኮቭስኪ ሾርባ ነው። ቤታቸው ቅርብ ነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጉርሻው ሁለት ዶላር ነው። አሮጊቷ ከሁለት ዶላር አይጨምሩም፣ አያጎድሉም። ሌላው የኮረብታው ነው፤ ጉርሻው ሃያ ዶላር። ምግብ የምታደርስለት ድርጅት የሚከፍለው ለነዳጅ እንኳ አይበቃም፤ ሹፌር የሚያድረው በጉርሻ ነው። ሃያውን መረጠች።

በሩን የከፈተው ቶድ የሚባል ደልደል ያለ ጎልማሳ ነው።

«እናቴ፣ ጀግና ነሽ! በዚህ በረዶ ማንም አይመጣም ብለን ነበር እኮ!»

«ሃያ ዶላር ጽፈህ የማይመጣ ማን አለ?» አለችው እየሳቀች።

ወደ መኪናዋ ተመልሳ መስተዋቱን ስትጠርግ ስልኳ ጮኸ። ደንበኛው ጉርሻውን አስተካክሏል፤ ዜሮ ዶላር። አስተካክሏል ይላል! መንጠቅን ማስተካከል ያለው ማን ይሆን? ሹፌሮች ይህን ተንኮል ማጥመጃ ይሉታል። ጉርሻው ከፍ ተደርጎ ይጻፋል፣ ምስኪኑ ሹፌር እየሮጠ ያደርሳል፣ ምግቡ እጅ ከገባ በኋላ ይሰረዛል። ግዌን ከዚህ በፊትም ደርሶባታል፤ ተሳድባ ሄዳለች። ዛሬ ግን ደሟ ፈላ። ተመልሳ በሩን ደበደበችው።

«ምነው እናቴ፣ የረሳሽው ነገር አለ?»

«የረሳኸው አንተ ነህ። ሃያ ዶላሬስ?»

«እሱማ... የአይብ ማባያው የለም።»

«ከረጢቱን አሽገው ነው የሰጡኝ፤ የጎደለም ቢኖር እኔ ምን አውቃለሁ? ደግሞ ማባያህ ያውልህ፣ ጠረጴዛው ላይ!»

ሶፋው ላይ የተደረደሩት ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ። «ተያዝክ ቶድዬ!»

ቶድ ፊቱ ቀላ። «ስሚ፣ ጉርሻ በፈቃድ ነው። ትልቅ ካልጻፍኩ ደግሞ ማናችሁም በሰዓቱ አታመጡም።»

«እሱን አይደል የምልህ! ባትጽፍ ኖሮ አልመጣም ነበር። በዚህ ጎማ ነፍሴን ሸጬ የወጣሁት ለዓይንህ ብዬ መሰለህ?»

«ለአገልግሎትሽ አንድ ኮከብ ብቻ ሰጥቼ ከሥራሽ ሳላስባርርሽ ሂጂ!»

ይህ አስደነገጣት፤ ማድረግ እንደሚችል ታውቃለች። ዴል ትዝ አላት። ሰውየው በሩን ሲገፋው ግን በትከሻዋ መልሳ በረገደችው። ነፋሱ በረዶውን ይዞ ሳሎን ገባ፤ የወረቀት መሐረቡ ሁሉ ተበተነ።

«ኧረ በረደን! ዝጋው ቶድ!»

«ሃያ ዶላሩ ሲመለስ ይዘጋል» አለች ግዌን።

የቶድ ሚስት ክሪስተን ቦርሳዋን እየከፈተች ከኩሽና ብቅ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልን፤ እባክዎ ከእኔ ይውሰዱ።»

«አንቺን እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። የነጠቀኝ ግን እሱ ነው፤ በነጠቀበት ስልክ ይመልስ።»

ክሪስተን ወደ ባሏ ዞረች። «ቶድ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው?»

ቶድ እያጉረመረመ ስልኩን ነካካ፤ የግዌን ስልክ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። አይታ አረጋገጠችና በሩን ለቀቀችው። ከኋላዋ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ቁልቁለቱን በፍሬን እየተንፏቀቀች ወረደች። ደስ አላላትም። የገዛ ገንዘቧን በጠብ ነው ያስመለሰችው፤ ነገ ኮከቡ ምን እንደሚያመጣባትም አታውቅም። ሜዳው ላይ ስትደርስ ስልኳ እንደገና ሁለት ትእዛዝ አመጣ። አንዱ ከማዶ ካለው ኮረብታ ነው፤ ጉርሻው ሠላሳ ዶላር። ሌላው ያው የወይዘሮ ፓንኮቭስኪ ሾርባ ነው። እስካሁን የነካው የለም። ያየው ሹፌር ሁሉ ሁለት ዶላራቸውን ንቆ አልፏል፤ መጀመሪያ ያለፈችው ግዌን ራሷ ናት። ቶድን የወቀሰችበት አፏ መረራት።

ሠላሳውን ትታ ሁለቱን ተጫነች። ሾርባው የተሠራበት ምግብ ቤት ስትገባ አስተናጋጇ ከረጢቱን ከመደርደሪያው አንስታ ዘረጋችላት። ግዌን ዳሰሰችው፤ በረዶ ሆኗል።

«መልሳችሁ አሙቁልኝ፤ እጠብቃለሁ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።