ይድነቃቸው ያልሰማው ውጤት

«አክስቴ፣ ይሄን ሁሉ ያዘዝሽለት አንቺ ነሽ?»

ሚዛን የወጥ ቤቱን በር ዘግታ በጀርባዋ ተደግፋዋለች። በያዘችው ፌስታል ውስጥ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጦች ይንኳኳሉ። ጥሩወርቅ ስታጥበው የነበረውን የሻይ ፔርሙስ አስቀመጠች፤ እጇን በጥቁር ቀሚሷ ጠርጋ አንዱን ብልቃጥ አወጣች። ቫይታሚን ኤ ይላል። ሁለተኛውንም አየች፤ ሦስተኛውንም። ዘጠኝ ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ከፍተኛ መጠን።

«የት አገኘሽው?»

«የዳዲ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሹራቦቹ ሥር። ለሞት ሰርተፊኬቱ አይዲውን ስፈልግ።» ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማሚ አንቺ ያዘዝሽለት ነው የሚመስላት። አክቹዋሊ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ግን አንቺ በመጣሽ ቁጥር ከጠረጴዛው ላይ እያነሳ ይደብቀው ነበር። ያዘዝሽለት አንቺ ከሆንሽ ለምን ይደብቅሻል?»

ጥሩወርቅ ብልቃጡን ወደ ፌስታሉ መለሰችው። ወንድሟ ይድነቃቸው፣ የሚዛን አባት፣ ትናንት ናይሮቢ ላንጋታ መካነ መቃብር ተቀብሯል። ሁርሊንግሃም ባለው አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ከኢስትሊም ከሩንዳም ሰፈር እየመጣ ሁለት ቀን ሙሉ አላቋረጠም። በእነዚህ ሁለት ቀናት ተኝታ እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አይደለችም።

«እኔ አላዘዝኩለትም» አለች። «ለእናትሽ ራሴ እነግራታለሁ። እዚያው መልሽው።»

ይድነቃቸው የልብ ሕመሙን ይዞት ያደገው ከአገር ቤት ነበር። በልጅነቱ ጉሮሮው እየታመመ፣ መገጣጠሚያው እያበጠ፣ ሳይታከም ቀረ። ሕመሙ ከጉሮሮው ቢጠፋም የልቡን በር፣ ደሙን የሚያሳልፈውን ቫልቭ፣ ነክቶት ነበር። ሞያሌን አቋርጠው ኬንያ ሲገቡ እሱ ሃያ አራት፣ እሷ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ኢስትሊ ውስጥ የመኪና ዕቃ እየሸጠ እሷን ዩኒቨርሲቲ አስገባ። ላቦራቶሪ ስትቀጠር ለሱቁ ደንበኞች ሁሉ «እህቴ የልብ ሐኪም ሆነች» ብሎ አወራ። «ሐኪም አይደለሁም፣ ይድኔ» ብትለው፣ «ልብ ትነኪያለሽ አይደል? በቃ» አላት።

ሥራዋ ከበሬ የደም ሥርና ከበሬ ልብ ሕዋስ ወስዶ በትንንሽ የፕላስቲክ ሳህን ማሳደግ ነው። ሕዋሱ ፎስፌት የተባለው ጨው ሲበዛበት ካልሲየም ያጠራቅማል፤ ለስላሳ መሆን ያለበት ሥጋ እንደ አጥንት ይደነድናል። በሰው ልብና ደም ሥር ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። የበሬውን ልብ የምታመጣው ዳጎሬቲ ካለው ቄራ ሲሆን፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ በፒክአፑ የሚወስዳት ይድነቃቸው ነበር። አንዴ ላቦራቶሪው ድረስ ተከትሏት ገባና የበሬውን ልብ በመቀስ ስትከፍት ቆሞ አየ። በሩን፣ ያንን ስስ ነጭ ቆዳ፣ በወረንጦ አንሥታ አሳየችው። ላብ አጠመቀው። ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጠበቃት።

ከዓመት በኋላ ሐኪሙ የልቡ በር ደንድኗልና በቀዶ ጥገና ይቀየር ሲለው፣ ይድነቃቸው «አስብበታለሁ» ብሎ ወጣ።

የዚያን ሰሞን አንድ እሑድ ምሳ ላይ ጥሩወርቅ በደስታ ስታወራ ነበር። የደም ሥሩ ሕዋስ ላይ ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ውህድ ጨምራበት፣ ካልሲየሙን የሚያሳየው ቀይ ቀለም ፈዝዞ አገኘችው።

ይድነቃቸው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። «እንዳይደነድን ከለከለው ማለት ነው?»

«በሳህን ውስጥ።»

«በሳህንም ቢሆን።»

ሚስቱ ኪያ ወጥ ጨመረችለት፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ሥራ በልብ በር ሕዋስ ላይ ሞከረችው። ቀለሙ አልፈዘዘም፤ እንዲያውም ውህዱ ካልተጨመረበት ይልቅ ደምቆ ቀላ። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። ውጤቱን መዝግባ ለኃላፊዋ ሰጠች። እሑድ ምሳ ላይ አላወራችውም። ደክሟት ነበር፤ ደግሞ ለምሳ የሚሆን ወሬ አልነበረም።

ሚዛን ብልቃጦቹን ባሳየቻት ቀን ከሰዓት በኋላ አደይ ርግኣት ከጎኗ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ከአሥመራ የመጡ፣ ፎቁ ላይ የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። እጇን ይዘው፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ አትዘኚ። አንቺ የምትችዪውን አድርገሻል። ያንን መድኃኒትሽን እንኳ እንዴት አጥብቆ ይወስድ ነበር መሰለሽ» አሏት።

ሊያጽናኗት ነው ያሉት። ጥሩወርቅ ተነሥታ ወደ ግቢው በር ሄደችና ለወንድሟ ሐኪም ደወለች።

«ፖሌ ሳና» ብሎ በስዋሂሊ አጽናናት ሐኪሙ፤ ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ስለ ቫይታሚኑ ስትጠይቀው፣ እንደሚወስድ አልነገረኝም አለ። የልቡ በር አምና ከታየ ጀምሮ ብዕር እንኳ የማያሳልፍ ጠባብ ነበር፤ መጥበቡን ያመጣው ቫይታሚኑ አይደለም፣ ቫይታሚንም ሊያድነው አይችልም ነበር። ብዙ ከወሰደ ግን ምልክት ያሳያል፤ ራስ ምታት ነበረው? ከንፈሩ ይሰነጠቅ ነበር?

ይሰነጠቅ ነበር። የእጁ መዳፍም ተልጦ ነበር። ሐምሌ ላይ አይታው «የናይሮቢ ብርድ ነው፣ ቫዝሊን ተቀባ» ብላዋለች።

«ያጣነው ጊዜ ነው» አለ ሐኪሙ። «ለኦፕሬሽኑ ሦስት ቀጠሮ ሰጥቼው ሦስቱንም ቀረ።»

በሰልስቱ ቀን፣ ቄሱ ጸልየው ሰዉ ምሳ በልቶ ሲሳሳ፣ ጥሩወርቅ ኪያን መኝታ ቤት ብቻዋን አገኘቻት። ኪያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ኪያ፣ እነዚያን ክኒኖች እኔ አላዘዝኩም።»

«ምን?»

«እንደሚውጥ እንኳ አላውቅም ነበር። የዚያን እሑድ ያወራሁትን ሰምቶ ነው።»

ኪያ ቀና ብላ አየቻት። «እህቴ ጥሩ ነው ብላኛለች አለኝ። የልቡን በር እንዳይደነድን ይከለክለዋል ብላኛለች አለኝ። ኦፕሬሽኑን አድርግ ስለው፣ 'እህቴ ሳታውቅ ቀርታ ነው?' ይለኝ ነበር። እኔም አንቺን አምኜ ዝም አልኩ።»

«የልብ በር አላልኩም። የደም ሥር ነበር ያልኩት።» ስትናገረው ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ለራሷም ተሰማት። መሸሽ እንደማያዋጣት አወቀች። «በኋላ በበሬ የልብ በር ላይ ሞክሬዋለሁ። መደንደኑን አባሰው። አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«የሚመለከተው አልመሰለኝም።»

ከውጭ ወንበር ሲደራረብ ይሰማል። ኪያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

«ብትነግሪው ይተወው ነበር?»

«አላውቅም።»

«ኦፕሬሽኑን ያደርግ ነበር?»

«አላውቅም፣ ኪያ። ልብ ስቆርጥ አይቶኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈርቶ ይሆናል።»

ኪያ ፊቷን አዞረች። «አሁን ውጪልኝ» አለች ቀስ ብላ።

ጥሩወርቅ ወጣች። ሰዓታቱ እንዴት እንዳለፉ አታውቅም። የተከራዩትን ምንጣፍ ጠቀለለች፤ ለሚወጡት ሁሉ «እግዜር ይስጥልን» አለች። ሚዛን መጥታ «ነገርሻት?» ስትላት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታለቅስ ነበር፤ አሁን ለልቅሶም አቅም አልነበራትም። በልቧ የሚመላለሰው ያ የደመቀው ቀለም ሳይሆን፣ ወንድሟ ፒክአፑ ውስጥ ሆኖ ሬዲዮ ሳይከፍት የጠበቃት ያ ረጅም ሰዓት ነበር። ያኔ ተመልሳ «ፈራህ እንዴ?» ብላ አልጠየቀችውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ፈረሰ። ግቢው በድንገት ሰፋ። ጥሩወርቅ ማታቱ ታክሲው ሳይጨናነቅ ወደ ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን ከመኝታ ቤቱ ለመውሰድ ገባች። ኪያ ፍራሹ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች። ሚዛን በእናቷ እግር ሥር ተቀምጣለች።

«ሄድኩ» አለች ጥሩወርቅ በሹክሹክታ።

ቦርሳዋን አነሣች። ከዚያ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መነሣት አቃታት። ሚዛን ተንበርክካ የአክስቷን ጫማ ከእግሯ መፍታት ጀመረች፤ እግሯ አብጦ ስለነበር አንዱ ጫማ ቶሎ አልወጣ አለ።

«ልሂድ እንጂ» አለች ጥሩወርቅ፤ ግን አልተነሣችም።

ኪያ ፊቷን ሳትመልስ፣ ብርድ ልብሱን በክንዷ ገለጥ አድርጋ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።