ባዶው ካሜራ

በጂንካ ከተማ ለፊልም የሚሆን መልክ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ቤታችን መስታወት ስላለ ነው።

አምና ከአዲስ አበባ የፊልም ሠራተኞች መጡ። እዚያ በየዓመቱ የዘጋቢ ፊልም ውድድር አለ፤ የእውነት ሰው፣ የእውነት ሥራ የሚታይበት። እነሱም ጎረቤታችንን እትዬ ጤናዬን ሸክላ ሲሠሩ አንስተው ሊወዳደሩ ነው። ፊልሙ ከተሸለመ ጂንካም መጥቶ ይታያል ተባለ። እንግዲህ ከተማው ሁሉ በሚያየው ፊልም ላይ እኔ ልቅር? እንዴት ተደርጎ!

በመጀመሪያው ቀን ካሜራ የያዘው ጓድ ሣህሌ ራሱ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ ቆንጆ፣ ሳቂ!»

ሳቅኩ። ዙሪ ሲለኝ ዞርኩ፣ ዝለይ ሲለኝ ዘለልኩ። ካሜራው ጥርርር ይላል። ላቤ ጠብ እስኪል ሠራሁለት። ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ ሳወራ ሾፌራቸው ታደለ ሰማኝና በሳቅ ሞተ።

«የኔ እህት፣ ባዶ እኮ ነው! ፊልም ውድ ነው። ልጆች ሥራ እንዳያስፈቱን መጀመሪያ ባዶውን እናስጮህላቸዋለን። ሲጠግቡ ይሄዳሉ።»

እኔ ግን አልጠገብኩም። እንዲያውም ባሰብኝ።

«ፊልም የሚኖረው መቼ ነው ታዲያ?»

«ብርሃን እንዳይነካው እጁን ጥቁር ከረጢት ውስጥ ከትቶ ፊልሙን ለካሜራው ሲያጎርሰው።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እትዬ ጤናዬ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጬ ያንን ከረጢት ጠበቅኩ። ሲያባርሩኝ በአጥሩ ዞሬ ተመለስኩ። ዝናብ መጣ፤ ንቅንቅ አላልኩም። ዝናቡ ሲያባራ ጓድ ሣህሌ እጆቹን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ ፊልሙን አጎረሰና መሬት ላይ ተንበረከከ። እትዬ ጤናዬ ጭቃውን ማሸት ሲጀምሩ ብድግ ብዬ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እንደ ሚኒስትር ሚስት ከኋላቸው አለፍኩ።

«ውይ ይቺ ልጅ!» አለ ጓድ ሣህሌ።

ካሜራው ግን አልቆመም። በጆሮዬ ሰማሁት።

ዘንድሮ ፊልሙ አንደኛ ወጣ! ታደለ ዋንጫውን በመኪናው መስኮት እያሳየ ከተማ ገባ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋረዱ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ። እኔ ከገዘር ከተማ ድረስ ዘመድ ጠርቻለሁ። ሹሩባ ተሠርቼ እትዬ ጤናዬ አጠገብ፣ ፊት ወንበር ላይ ጉብ አልኩ።

ፊልሙ ሲጀምር የእሳቸው እጆች አንሶላውን ሞሉት። ጭቃው ይታሻል። ከኋላቸው ሁለት እግሮች በአንድ በኩል ገብተው በሌላው ወጡ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ምንም የለም። ወዲያው ጭቃው ማሰሮ ሆነ፣ ሰው አጨበጨበ።

እና ዝም ልበል? ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶብኝ? ተነስቼ ቆምኩ።

«ያ እግር የኔ ነው!»

እትዬ ጤናዬ ዓይናቸውን ከአንሶላው ሳይነቅሉ፣

«አውቀነዋል» አሉ። «ዘንድሮም አልታጠበም።»