የኤፍሬም ሆድ

ጅጅጋ ውስጥ ሐኪም ጠፋ ብሎ የሚያማርር ሰው የእኛን ግቢ አያውቅም። የታመመው የሌላ ሰው ልጅ ይሁን እንጂ፣ ከጫት ቸርቻሪዋ እስከ ውሃ አመላላሹ ድረስ ሁሉም መድኃኒት ያዛል። የእኔን ኤፍሬምን ደግሞ ያላከመው የለም። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ቃል ከአፉ የሚወጣው ሲፈልግ ነው፤ የሚፈልገውም ከስንት አንዴ ነው። የሚበላው ወጥ ያልነካው ፓስታና ነጭ ሩዝ ብቻ ነው። ሳህኑ ላይ አንዲት የቲማቲም ጠብታ ካየ ምሳው አበቃ።

እንዲህ የሚበላ ሆድ ይደርቃል፤ ደረቀም። ኤፍሬም ሽንት ቤት መሄድ ተወ፤ ሆዱ ተነፋ። እኛ በዚህ ስንጨነቅ ሱሪው ላይ ቀጭን ነገር መፍሰስ ጀመረ። ያኔ የግቢው ሐኪሞች በአንድ ድምፅ ተቅማጥ ነው ብለው ወሰኑ። አማቴ እማማ ወለተሐና የሩዝ ውሃ አዘዙ። የፋርማሲው ልጅ ኤፍሬምን በዓይኑ እንኳ ሳያይ ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ሸጠልን። ሁለቱንም ሰጠነው። የሚገርመው ነገር፣ ባሰበት።

እንደ እሱ ላሉ ልጆች ክፍል ያለው፣ እኔ የማውቀው ትምህርት ቤት አንድ ነው፤ እዚያ ቦታ እስክናገኝ ብዙ ደጅ ጠንተናል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ሽመክት በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሲያባርሩ እንኳ ወንበር ይስባሉ። ለሌሎቹ ልጆች ጤና ሲባል ተቅማጡ እስኪቆም ኤፍሬም ቤት ይቆይ አሉኝ። እሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ይወዳል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቦ ግቢው በር ላይ ይቆማል፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እጁን ያነሳል። መሄድ እንደቀረ በምን ቋንቋ ይነገረዋል?

በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰድኩት። መጀመሪያ ሊሄዱበት የሚገባ ቦታ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው ትዝ የሚለው። ወጣቱ ዶክተር ሂርሲ ሆዱን ጫን ጫን አደረገና ተቅማጥ ነው ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። መልሱ ረጅም ስለነበር አሳጠርኩለት፤ ሰፈሩ አልኩት።

«ልጁ ደርቆበት ነው» አለ። «የደረቀው መንገዱን ዘግቶታል፤ የሚፈሰው በጎን ሾልኮ የሚያመልጠው ነው። ሲወጣ ስለሚያመው ይይዘዋል፤ ሲይዘው ደግሞ ይብስ ይደርቃል።»

ልጁ በሩን ከውስጥ ቢዘጋ፣ እኛ በክኒንና በሩዝ ውሃ ከውጭ ቆልፈንለት ነበር ማለት ነው።

ዶክተሩ መቀመጫው ላይ ቁስል እንዳለም አየ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዱቄት አዘዘለት፤ ወራት እንደሚወስድ፣ ከምግብ በኋላ ልጁን ሽንት ቤት እንድናስቀምጠው፣ እንዳንቆጣውም አስጠነቀቀኝ። ዱቄቱ ጣዕም ስለሌለው ኤፍሬም ሳያውቅ ጠጣው። ሆዱ ለሰለሰ፤ ልቡ ግን አልለሰለሰም። ሽንት ቤቱ በር ጋ ሲደርስ ይጮሃል።

ጉባኤው እንደገና ተሰበሰበ። ግቢ የምንጋራት ዓሻ የግመል ወተት ይዛ መጣች፤ ይህን ለጠጣ እንኳን ሆድ የደገሀቡር መንገድም ይከፈትለታል አለች። እማማ ወለተሐና አማተቡ። አያታቸው ወታደር ሆነው ጅጅጋ ከገቡ ጀምሮ በዚያ ቤት የግመል ነገር ከንፈር ነክቶ አያውቅም፤ ይልቅ ጠበል ይቅመስ አሉ። ሁለቱ በልጄ ሆድ ላይ ሲከራከሩ ኤፍሬም ወተቱን አሸተተና ገፋው፤ ጠበሉንም አሸተተና ገፋው። ከሁላችንም በእምነቱ የጸና እሱ ነው፤ እምነቱም ፓስታ ነው።

አንድ ጠዋት ከቤት ታጣ። ግቢውን ስናተራምስ ዓሻ ከራሷ ሽንት ቤት ደጃፍ ሆና ዝም በሉ የሚል ምልክት ሰጠችን። ኤፍሬም ውስጥ ቁጢጥ ብሏል። ሲጨርስ ከፕላስቲክ ጆግ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሰች አጠበችው፤ እሱም ውሃው ሲወርድ እያየ ይስቃል።

«አቦ ሶሲ፣ ይሄ ልጅ የሚፈራው ሶፍታችሁን ነው» አለችኝ። «ቁስል በወረቀት ይፈተጋል እንዴ?»

ቁስሉን በሶፍት እየፈተግን፣ ሽንት ቤት ለምን ጠላ እያልን ስንመራመር ከርመናል። እማማ ወለተሐና እልል ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ የቆሙት የማን ሽንት ቤት ደጃፍ እንደሆነ ትዝ አላቸው፤ ቢሆንም እልል አሉ። በማግስቱ ከገበያ አረንጓዴ ጆግ ገዝተው እኛ ሽንት ቤት ውስጥ አስቀመጡ። ለአበባ ማጠጫ ነው አሉ። አበባ የለንም።

ሱሪው ንጹሕ ሆኖ መዋል ሲጀምር ኤፍሬምን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አቶ ሽመክት ገና ወንበር ሲስቡልኝ ገባኝ። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ ክፍት ሲሆን ይደውሉልኛል። በመስኮት አሳዩኝ፤ ካውሰር የምትባል ሚጢጢ ልጅ ናት።

«እሷ እንኳ ምንም አታስቸግርም፣ ወይዘሮ ሶሲና» አሉኝ። «ከመጣች ጀምሮ ሽንት ቤት ጠይቃ አታውቅም።»

አየኋት። ሆዷ ዩኒፎርሟን ወጥሮታል። እግሮቿን አጣምራ በጣቶቿ ጫፍ ቆማለች፤ ግንባሯን አልቧታል።

የሚቀጥለውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በቅርቡ ሱሪዋ ላይ ይፈስባታል፤ ተቅማጥ ነው ይባላል፤ ለእናቷ ወንበር ይሳባል፤ ከዚያ የእኔ ስልክ ይጮሃል። ከእኔ የሚጠበቀው አፌን መዝጋት ብቻ ነው፤ ምክር ባለመስጠቱ የተከሰሰ ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ ሰምቼ አላውቅም። ኤፍሬም የክፍሉን በር እጀታ ይዞ ይጠብቀኛል። ዝም ማለት ፈለግኩ፤ በጣም ፈለግኩ።

እናቷ ሂንዳ በምሳ ሰዓት ልትወስዳት መጣች። በር ላይ ጠብቄ፣ ልጅሽ ሽንት ቤት ከሄደች ስንት ቀኗ ነው አልኳት። ደነገጠች። የአቶ ሽመክትን መስኮት ገልመጥ አደረገችና ክንዴን ይዛ ከአጥሩ ጀርባ ወሰደችኝ።

«እህቴ፣ በአላህ ቀስ በይ» አለችኝ። «ቦታዋን እንዳይነጥቋት።»

ቦታው የማን እንደነበር አልነገርኳትም። ዶክተር ሂርሲ የት እንደሚገኝ ነገርኳት።